ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚጮኸው የኔ መኪና ነበር

ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ብሎካችን በሰላም አድሮ አያውቅም። ምክንያቱ የኔ መኪና ነበረች። ነጭ ኮሮላ፣ የ1994 ሞዴል፣ ኮድ 2። አባቴ የተወልኝ ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሌሊት 8 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ላይ አላርሟ ይጮሃል። ያ ድምፁን ስድስት ጊዜ እየቀያየረ የሚጮኸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያደረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሳይረን ነው።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሪሞቱ ከዚያ ከፍታ አይደርስም። ስለዚህ ጋቢ ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ፣ በጨለማ ደረጃውን እወርዳለሁ። አጠፋዋለሁ፣ እወጣለሁ። ገና ሳይሞቀኝ እንደገና ይጀምራል።

አንደኛ ፎቅ ላይ አራስ አለች። አንድ ጠዋት ባለቤቷ ደረጃው ላይ አገኘኝና በጨዋ ደንብ፣ «እህቴ፣ ልጁ ገና አስራ ሰባት ቀኑ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላርሙን ሳላበራ በቁልፍ ብቻ ቆልፌ ማሳደር ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የግራ ስፖኪዮው መስታወት ተወሰደ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ገዛሁ፤ የታርጋ ቁጥሬንም አስቀረጽኩበት። ያን ጊዜ ነው ቁርጡን ያወቅሁት። አላርሙን ትቼው መኖር አልችልም፤ እንደዚህ ይዤውም መኖር አልችልም። መጠገን አለበት።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ኦም ሕግ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መኪና ስር ተኝቼ ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ለክረምት ትምህርት 2 ሰዓት ላይ መድረስ ነበረብኝ። ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» አለች፤ ሌላ ድምፅ የለም። ደግሜ አዞርኩ፤ ያው «ጠቅ»። የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ በርተዋል፤ ክላክሱም በደንብ ይጮሃል። ጎረቤቶች ገፉልኝና በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ወዲያው ተነሳች።

ይህቺን ነገር ልብ በሉ። ተገፍታ ከተነሳች ነዳጅም አለ፣ ካንዴላዎቹም ይሰራሉ ማለት ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞተሪኖ ራሱ፣ ወይም ለሞተሪኖው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙን አልጠራም። አላርሙን ከስድስት ዓመት በፊት የገጠሙትም እነሱ ናቸው። ልጁ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ አንድ ሽቦ ሳይነካ፣ «አላርሙ አርጅቷል፣ አዲስ ይገጠም፤ ሞተሪኖውም ይቀየር» አለኝ። ለአላርሙ ብቻ 6,500 ብር። ልክፈል ብል እንኳን የመስከረም ደመወዜ ገና ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ብሩ አይደለም። አንድ ሰው ነገሩን ሳያይ እንዴት ይፈርዳል? ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ሳይለካ ቁጥር ጽፎ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ቮልትና አምፔር የሚለካውን ቴስተሬን ይዤ ወረድኩ። የአስር ዓመት ልጄም ተከትላኝ ወረደች።

መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት መኪናዋ ቆማ ስታድር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደምትበላ ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ትፈታላችሁ። ቴስተሩን 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ አድርጋችሁ በባትሪው ጫፍና በተፈታው ገመድ መካከል ታስገባላችሁ። ወደ መኪናው የሚሄደው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሁኔታ እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ የቴስተሩ ፊውዝ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል።

ችግሩ ለመለካት ኮፈኑ መከፈት አለበት፤ ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ አላርሙ ይጮሃል። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ፒን አለች። ስፕሪንግ አላት። ኮፈኑ ሲዘጋ ወደ ታች ይጫናታል፤ ሲከፈት ብድግ ትላለች፤ ብድግ ስትል ከውስጥ ያለው ሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር ይገናኛል። አላርሙ ያንን ግንኙነት ነው «ሌባ መጣ» ብሎ የሚያነበው። ስለዚህ ልጄን ፒኗን በጣቷ ተጭና እንድትይዝልኝ ነገርኳት። አላርሙን በሪሞት አበራሁ። ጸጥ አለ።

«እማ፣ ይሄ ነገር እርጥብ ነው» አለች። እንደዚያ እያለች ጣቷን ትንሽ አንቀሳቀሰች። ፒኗን አልለቀቀቻትም፤ እንደተጫነች ናት። ሳይረኑ ግን ጮኸ። አራቱም ፍሬቻዎች መብረቅረቅ ጀመሩ። የቴስተሩ ፊውዝ እንዳይቃጠልብኝ ሪሞቱን ፈጥኜ ተጫንኩ። ከዚያ ልጄን «እስቲ እንደገና አንቀሳቅሺው» አልኳት። አንቀሳቀሰች፤ ጮኸ። ከሐምሌ ጀምሮ ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሰኝ የኖረው ነገር ከልጄ ጣት ስር ነበር።

ፈትቼ አወጣኋት። ከላይ የምትለብሰው ላስቲክ ተሰንጥቋል። ስፕሪንጉ ዝጓል። በፒኗና በቀዳዳው መካከል ጭቃና ዝገት ተጋግሮ ቡናማ ሊጥ ሆኗል። ከስር የሚገባው ሽቦ ደግሞ በናስትሮ ብቻ ነው የተጠቀለለው። ናስትሮውን ስፈታው እንደ ሙጫ ተጣበቀብኝ። ውስጡ ያለው መዳብ መዳብነቱን ትቶ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ሲደርቅ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የክረምት ውሃ ሲገባበት ግን ያ ሊጥ ራሱ ድልድይ ይሆናል። አላርሙ በዝናብ ሌሊት ብቻ የሚጮኸው ለዚህ ነበር። ሳጥኑ አልተበላሸም። የተነገረውን ነው የሚያምነው፤ የሚነግረው ነገር ነው የዋሸው።

ሽቦውን ነቅዬ ጫፉን ለብቻው ጠቀለልኩትና ልኬቴን ቀጠልኩ። አላርሙ በርቶ ቴስተሩ 0.20 አምፔር አሳየ። ለቆመ መኪና ብዙ ነው። ከ0.05 ካለፈ መጠርጠር ይገባል። የአላርሙን ፊውዝ ስነቅለው ወደ 0.02 ወረደ። 0.02ው የሬዲዮውና የሰዓቱ ነው። ቀሪው 0.18 የአላርሙ ነው። አላርም እንዲህ ሊበላ አይገባም። የኔ ባትሪ ሲገዛ 45 አምፔር ሰዓት ነበር፤ አምስት ዓመት አገልግሏል፤ አሁን ግማሹን ቢይዝ ነው። በቀን 4.8 አምፔር ሰዓት ከበላበት ከሐሙስ እስከ ሰኞ ብትቆም ምን እንደሚተርፍ አስሉት። ልጄ ወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ።

እስከዚህ ብቻዬን መጣሁ። ከዳሽቦርድ ስር ያለውን ግን አልደፈርኩም። ቄራ አካባቢ አንድ የታወቁ የመኪና ኤሌክትሪሽያን አሉ። የአባቴም ደንበኛ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት አስገፍቼ አስነሳሁና ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አላርም ነው፤ ሞተሪኖም ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

«ማን ነው ያለሽ? ከፍቶ ነው ሳይከፍት?»

«ሳይከፍት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የለካሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ፒኗን በፌስታል ይዤላቸው ሄጄ ነበር። አገላብጠው አዩዋትና «ይቺን ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «ልጄ ናት» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ሞተር አጥፍተው ረዳታቸው ቁልፉን እንዲያዞር አደረጉ። እሳቸው ቴስተሩን ይዘው ከሞተሪኖው ላይ ካለችው ቀጭን ሽቦ ጋር ነኩ። ይህቺ ሽቦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖውን «ተነስ» የምትለው ናት። ባትሪው ላይ 12.1 ቮልት አለ። ሽቦዋ ጋ የደረሰው 7.9 ነው። አራት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። «ጠቅ» የምትለው ለዚህ ነው። ለመሳብ ሞክራ አቅም ያንሳታል።

«ሞተሪኖው ምን አደረገ?» አሉ። «እህል ሳይሰጡት ስራ ይሉታል።»

ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ ፈቱ። እዚያ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ሁሉም ሽቦ ጥቁር ነው። አንዱ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ መለየት አይቻልም። በየመገናኛው የፋብሪካውን ሽቦ ልጠውታል፤ የራሳቸውን በጣት ጠምዝዘውበታል፤ ናስትሮ አልብሰውታል። አንድም ቦታ ሽቦ የሚበየድበት ሊድ አልነካውም። ከመሃል ሪሌዩ፣ ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ተንጠልጥሏል፤ በብሎን እንኳን አልታሰረም። ስድስት ዓመት ሙሉ በኮብልስቶኑ ላይ በሄድኩ ቁጥር ሲወዛወዝ ኖሯል።

ሪሌዩን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አምስት እግር አለው። 30 እና 87ኤ የሚባሉት እግሮች በነበሩበት በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። የተቃጠለ ሽታ አለው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ብዙ አሮጌ መኪና ላይ የተገጠመው እንዲህ ያለ ነው። ገጣሚው ከመነሻ ቁልፉ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን ሽቦ ይቆርጠዋል። አንዱን ጫፍ ከሪሌዩ 30 ጋር፣ ሌላውን ከ87ኤ ጋር ያገናኛል። ሪሌዩ ሲያርፍ ሁለቱ ይነካካሉ፤ መኪናው ይነሳል። አላርሙ ሲበራ በ85ና በ86 በኩል ሪሌዩ ውስጥ ላለው የሽቦ ጠመዝማዛ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ማግኔት ይሆናል፤ ሁለቱን ያላቅቃቸዋል። ሌባው ቁልፍ ቢያዞር ሞተሪኖው አይሰማም። ሐሳቡ ጥሩ ነው።

ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አላርሙ እንደበራ ሌሊቱን ሙሉ ሪሌዩን ስቦ የሚይዝ ከሆነ ባትሪው ይበላል። የዚህን ጠመዝማዛ ለካሁት፤ 84 ኦም ነው። 12.6 ለ84 ሲካፈል 0.15 አምፔር። የጠፋብኝ ኤሌክትሪክ ይኸው ተገኘ። ያን ጊዜ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ረዳቱ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖውን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚያች ትንሽ መነካኪያና በጣት በተጠመዘዙት ሽቦዎች ውስጥ ነው የሚያልፈው። 8 አምፔር ያህል ያልፋል ብንል፣ ከጠፋው 4 ቮልት ጋር ሲባዛ 32 ዋት ነው። ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ሊድ የሚያቀልጡበት ብረት ያን ያህል ነው። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ከጉልበቴ በላይ፣ ከመሪው ስር፣ ሊድ የሚያቀልጥ ብረት ሲግል ነበር። ይህንን ስረዳ ደነገጥኩ። ልጄ የምትቀመጠው ከኔ ጎን ነው።

ጋሼ ሪሌዩን ጨርሰው አወጡት። የተቆረጠውን የፋብሪካ ሽቦ ጫፎች እስከ ንጹሁ መዳብ ድረስ ላጡ፤ አገናኙ፤ በሊድ በየዱ፤ በሙቀት የሚሰበሰብ ቱቦ አለበሱት። ቁልፉ ዞረ። በመጀመሪያው ተነሳች። ደግመው ለኩ፤ መንገድ ላይ የሚቀረው 0.4 ቮልት ሆነ። ሞተሪኖው ያው የድሮው ነው። እስካሁንም ይሰራል።

የአላርሙን ሌሎች መገናኛዎች አንድ በአንድ በሊድ አስበየድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ኮፈኑ ላይ አዲስ ፒን ገባ፤ 180 ብር። ውሃ ከማይወርድበት በኩል ሌላ ቀዳዳ በስተው ነው የገጠሟት፤ ላሜራውንም እንዳይዝግ ቀቡት። የሪሞቱ ባትሪም ተቀየረ፤ ያቺ 12 ቮልት የምትባለዋ ትንሽዬ ባትሪ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መድረስ ጀመረ። ከዳሽቦርዱ ስር የተለጠፈው የንዝረት ሴንሰር ደግሞ በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ አለው። እስከ መጨረሻው ተዙሮ ነው የተገኘው። ሲኖትራክ ሲያልፍም ሊያስጮኸው ይችል ነበር። ወደ መሃል መለስነው።

ከሪሌዩ ይልቅ ጋሼ አንዲት ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠሙልኝ። የነዳጅ ፓምፑን ትቆርጣለች። ሲጠፋ ምንም አይበላም፤ የሚጮህም የለውም። የት እንዳለች አልጽፍም። በሽቦው ውፍረት ላይ ግን ተከራክሬያለሁ፤ ለፓምፑ የሚበቃ መሆን አለበት። ሁሉም ተደማምሮ 2,300 ብር ከፈልኩ። የእጃቸው ዋጋ ከዚያ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳላሳስታችሁ። ይህ ሁሉ ስለተገጠመ አላርም ነው። መኪናችሁ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ፣ እንዲኖረው ደንግገዋል። ስለዚህ ከአውሮፓ የመጣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ያላችሁ ሰዎች ምልክቱን እወቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ይብለጨለጫል። ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ትርፍ ቁልፉን ሞክሩ። ሌላ ቺፕ ያለው ቁልፍ በአንድ መያዣ አብሮ ካለ ለዩት፤ አንዱ የሌላውን ንባብ ሊያውክ ይችላል። ቺፑን የሚያነበው መነሻ ቁልፉን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ጠመዝማዛ ነው፤ ሶኬቱ ላላ ብሎም ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች አሜሪካ ሰራሽ መኪና ነበረችው፤ የሷ ዘዴ ደግሞ የተለየ ነው። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ የለም፤ መለያው ያለው ቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ ነው። መለያው ሲሳሳት መኪናዋ ነዳጅ ትከለክላለች። ለማስነሳት ሞክሮ እምቢ ስትል ቁልፉን እንደበራ ትቶ አስር ደቂቃ ያህል የሴኪዩሪቲው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ ያጠፋል፤ ይህንን ሦስት ጊዜ ይደግማል። በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ኮምፒውተሯ አዲሱን መለያ ትቀበላለች። በክረምት ብርድ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ሰላሳ ደቂቃ ተቀምጦ በስልክ ሲያወራኝ ትዝ ይለኛል። የሱ መፍትሔ ለኔ መኪና አይሆንም፤ የኔም ለሱ። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንዳላችሁ እወቁ።

ጋሼን ልሰናበታቸው ስል አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ከሚመጣልዎት አላርም ስንቱ ነው ሳጥኑ ራሱ የሚበላሽ?»

«ጥቂት ነው ልጄ» አሉኝ። «መገጣጠሚያው ነው። ሁልጊዜ መገጣጠሚያው ነው።»

የዚያኑ ቀን ማታ አንደኛ ፎቅ ወጣሁ። ለአራሷ አጥሚት ይዤላት ነበር። ነገሩ መጠገኑን ነገርኳት። እናትየዋ ልጁን አቅፋ አሳየችኝ፤ ክርስትናው ሊደርስ ነው።

የመጨረሻውን ሙከራ ያደረግነው በሳምንቱ ነው። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ዘንቧል፤ አንድም ጊዜ አልጮኸም። እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አላርሙን አብርቼ ከልጄ ጋር መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። «አሁን ስፖኪዮውን ነቅነቅ አድርጊው» አልኳት። በሁለት እጇ ያዘችና ነቀነቀችው። ሳይረኑ ጮኸ።

የግቢያችን ጥበቃ ክረምቱን ሙሉ ለዚህ ድምፅ ዞር ብለውም አይተውት አያውቁም ነበር። ያን ምሽት ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ማነው?» አሉ ከሩቅ።

«እኛ ነን ጋሼ» አልናቸው።